የተንቀሳቃሽ ምስል ፋይሎችን ሜታዳታ ስለ መጠበቅና ስለ መመለስ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ጉባኤ ላይ ንግግር እንዳቀርብ የተጠየቅሁት፣ እንደ ኤሌክትሪክ መሐንዲስነቴ ስለ ኀይል ማስተላለፊያ መስመር ወይም ስለ ትራንስፎርመር እናገራለሁ ተብሎ ተገምቶ ሳይሆን አይቀርም፡፡ እኔ የመረጥሁት ርእስ ግን ከዚያ በእጅጉ ያነሰ የሚመስል ነው፤ ይኸውም የተንቀሳቃሽ ምስል ፋይል በሆዱ ይዞት ስለሚዞረው ጥቂት ጽሑፍ፣ ያ ጽሑፍ እንዴት እንደሚጠፋ፣ በትእዛዝ መስመር በሚሠሩ መሣሪያዎችም እንዴት ተጠብቆ እንደሚመለስ ነው፡፡ በዚህ ጉዳይ ላይ እንድናገር መብት የሚሰጠኝ ነገር ቢኖር ጽሑፉ የጠፋው በገዛ እጄ መሆኑ ነው፡፡

ደብረ ታቦር ሲባል ለእኛ ዓይነቱ ባለሙያ ቶሎ ትዝ የሚለው ጋፋት ነው፡፡ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት ከከተማዋ ብዙም በማይርቀው በዚህ ስፍራ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለ እርሱ ብዙ ስለ ተባለ አልመለስበትም፡፡ ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ ጋይንት ደጋ የተዘረጋው አገር ግን ከብረት ሥራው ይልቅ የሚታወቅበት ሌላ ሙያ አለው፡፡ ጋይንት ውስጥ የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥእት ማስመስከሪያ ነው፡፡ ከፎገራው ሊቅ ከአለቃ ገብረ ሐና ጋር የሚያያዘውና በልጃቸው በአለቃ ተክሌ ስም የሚጠራው አቋቋምም ከዚሁ አገር ጋር የተሳሰረ ነው፡፡

አቋቋም በጽሑፍ ብቻ ተይዞ አያልቅም፡፡ የድጓው ምልክት ዜማውን ይነግራል፤ መቋሚያው መቼ እንደሚነሣ፣ ጽናጽሉ በየትኛው ቃል ላይ እንደሚወርድ፣ ከበሮው ከዝማሜው ወደ መረግዱ ሲሸጋገር እግር እንዴት እንደሚራመድ የሚታየው ግን በመምህሩ ሰውነት ላይ ነው፡፡ በዚህም ምክንያት በ2011 ዓ.ም. እኔና ሦስት ጓደኞቼ ገንዘብ አዋጥተን አንዲት ካሜራ ገዛንና ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ደብር የሚያስተምሩትን አረጋዊ መምህር ለመቅረጽ ፈቃድ ጠየቅን፡፡ የኔታ ካሜራዋን በእጃቸው ይዘው ገለባበጧትና፣ «ይህች ዕቃ የሰማችውን ሁሉ ሳትገረፍ ትይዛለች?» ሲሉ ጠየቁኝ፡፡ «አዎን፣ የኔታ» አልሁ፡፡ «እንግዲያው ከደቀ መዛሙርቶቼ ሁሉ ትበልጣለች» ብለው ሳቁ፡፡ እስከሚቀጥለው ዓመት አጋማሽ ድረስ 63 ፋይሎች ተቀረጹ፡፡ የኔታ በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ፡፡

አሁን ሜታዳታ ወደሚባለው ነገር ልግባ፡፡ ዲበ ውሂብ የሚሉትም አሉ፤ እኔ ብዙ ሰው የለመደውን ቃል እጠቀማለሁ፡፡ ነገሩ ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም፡፡ የብራና ጸሐፊ መጽሐፉን ሲፈጽም ማን እንዳጻፈው፣ ማን እንደ ጻፈው፣ በየትኛው ንጉሥ ዘመን በስንት ቀን እንደ ተፈጸመ በመጨረሻው ገጽ ላይ ያሰፍራል፡፡ መጽሐፉ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ይጻፍበታል፤ በፍቀቱ ላይ ብርሃን አስጠግቶ የቀድሞውን ስም ለማንበብ የደከመ ሰው ከመካከላችን አይጠፋም፡፡ በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ተወስደው ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም የገቡትን የብራና መጻሕፍት ዊልያም ራይት በ1877 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ካታሎግ ሲዘረዝር፣ የየትኛው ደብር እንደ ነበሩና ማን እንዳጻፋቸው የሚያመለክቱትን እንዲህ ያሉ ጽሑፎች እየለቀመ ነው፡፡ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን በማይክሮፊልም የተነሡት ከ9 ሺህ በላይ የብራና መጻሕፍትም ዛሬ የሚያገለግሉን እያንዳንዳቸው ቁጥር ስላላቸውና እንደ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ያሉ ሊቃውንት ቁጥሩን ከይዘቱ ጋር ስላያያዙልን ነው፡፡ ፊልሙ ብቻውን ቢቀር ኖሮ መጋዘን ይሞላ ነበር እንጂ ቤተ መጻሕፍት አይሆንም ነበር፡፡

የተንቀሳቃሽ ምስል ፋይልም እንዲሁ ነው፡፡ ኤምፒ-ፎር የምንለው ፋይል በውስጡ እንደ ሳጥን የተደራረቡ ክፍሎች አሉት፡፡ ትልቁ ሳጥን ምስሉንና ድምፁን ይይዛል፤ በጊጋባይት የሚቆጠረው እርሱ ነው፡፡ ትንሹ ሳጥን የፋይሉን ርዝመት፣ የተቀረጸበትን ጊዜ፣ አርእስቱን፣ አስተያየቱንና የምዕራፎቹን ዝርዝር ይይዛል፡፡ የተቀረጸበት ጊዜ የሚጻፈው ከጥር 1 ቀን 1904 እ.ኤ.አ. እኩለ ሌሊት ጀምሮ ባለፉት ሰከንዶች ቁጥር ነው፤ ከኩይክታይም የተወረሰ ልማድ ነው፡፡ ሰዓቱ ያልተሞላ ፋይል ቁጥሩ ዜሮ ስለሚሆን በዚያች ዕለት እንደ ተቀረጸ ይናገራል፡፡ እንዲህ ያለ ፋይል ሲያጋጥማችሁ ሳጥኑ ባዶ መሆኑን ዕወቁ፡፡

ከዚህ ውጭ ደግሞ በፋይሉ ሆድ ውስጥ ያልተጻፈ፣ ማከማቻው ራሱ የሚመዘግበው ቀን አለ፡፡ ብዙ ሰው የሚተማመነው በዚህ ነው፤ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ደካማው እርሱ ነው፡፡ ፋይሉን በግዴለሽነት ስትገለብጡት ቀኑ የዛሬው ይሆናል፡፡ በፍላሽ ላይ የተለመደው ፋት የተባለው አደረጃጀት ጊዜውን ያለ ሰዓት ክልል፣ ያውም በሁለት ሁለት ሰከንድ እያጠጋጋ ይመዘግባል፡፡ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ቪዲዮ የተላከ ፋይል ደግሞ ተጨምቆ እንደ ገና ስለሚሠራ፣ በሌላው ጫፍ የሚወጣው መልኩ የሚመስል ሌላ ፋይል ነው፤ የውስጡም ጽሑፍ አብሮት አይሄድም፡፡ መረጃውን ሁሉ በፋይሉ ስም ላይ መጻፍ መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ፡፡ በሊነክስ አንድ የፋይል ስም ከ255 ባይት አያልፍም፤ አንድ የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚወስድ ለእኛ የሚተርፈው 85 ፊደል ነው፡፡ የበዓሉን፣ የመምህሩንና የደብሩን ስም ከነማዕርጋቸው ለመጻፍ ለሚሻ ሰው ይህ አይበቃም፡፡

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልምጣ፡፡ ከየኔታ ደቀ መዛሙርት አንዱ፣ ኮምፒዩተር የሚያውቅ ወጣት፣ ፋይሎቹን አንድ በአንድ እየሰማ ለእያንዳንዱ አርእስት ሰጥቶ፣ ቁም ዜማው፣ ዝማሜው፣ መረግዱና ጽፋቱ የሚጀምሩበትን ደቂቃ በምዕራፍ መልክ በፋይሉ ውስጥ አስገብቶ ነበር፡፡ የወራት ሥራ ነው፡፡ እኔ ደግሞ ሃርድ ዲስኩ ስለ ሞላ ፋይሎቹን ለማሳነስ ተነሣሁ፡፡ የተጠቀምሁበት መሣሪያ ፋብሪስ ቤላር በ2000 እ.ኤ.አ. የጀመረው ኤፍኤፍኤምፔግ ነው፤ መሣሪያው ምንም በደል የለበትም፡፡ በደሉ ከሌላ ሰው ሥራ ገልብጬ በወሰድሁት የትእዛዝ መስመር ውስጥ ነበረ፡፡ በመስመሩ ላይ ሜታዳታውንም ምዕራፎቹንም «ከሲቀነስ አንድ ውሰድ» የሚል ቃል ነበረበት፤ በዚህ መሣሪያ ቋንቋ «ሲቀነስ አንድ» ማለት «ከየትም አትውሰድ» ማለት ነው፡፡ መስመሩን የጻፈው ሰው ለራሱ ዓላማ ትክክል ነበር፡፡ እኔ ግን ትርጉሙን ሳልጠይቅ በ63ቱ ፋይሎች ላይ አስኬድሁት፤ ስማቸውንም ከ001 እስከ 063 አደረግሁት፤ ምስሉ ደኅና መሆኑን በሁለቱ ላይ አይቼ የቀድሞዎቹን ሰረዝሁ፡፡ ይህን የምነግራችሁ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ከዚህ እንደማያድን ስለማውቅ ነው፡፡

ወጣቱ ከጥቂት ቀን በኋላ ፋይሎቹን ከፍቶ አየ፡፡ አልተቆጣም፤ «ጋሼ፣ ምዕራፎቹ የት ሄዱ?» ብቻ አለኝ፡፡

ደግነቱ ወጣቱ ከዚያ ቀደም የምዕራፎቹን ዝርዝር ለየኔታ አትሞ ለማሳየት ብሎ ከ41 ፋይሎች ውስጥ ጽሑፉን አውጥቶ ነበር፡፡ ኤፍኤፍኤምፔግ የፋይሉን ሜታዳታ ብቻ ለይቶ ተራ የጽሑፍ ፋይል አድርጎ ያወጣል፡፡ በጽሑፉ ራስጌ ላይ መለያ መስመር ይቀመጣል፤ ከዚያ አርእስቱና ሌሎቹ በየመስመራቸው ይከተላሉ፤ እያንዳንዱ ምዕራፍም መነሻውና መድረሻው በሺኛ ሰከንድ ወይም በሌላ መለኪያ ይጻፍለታል፡፡ ይህን ጽሑፍ ለመመለስ መሣሪያውን ሁለት ግብአት ይሰጡታል፤ አንደኛው ቪዲዮው፣ ሁለተኛው ጽሑፉ፡፡ «ሜታዳታውን ከሁለተኛው ውሰድ፤ ምስሉንና ድምፁን ሳትነካ ገልብጥ» ብለው ያዝዙታል፡፡ እንደ ገና መጭመቅ ስለሌለ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል፡፡

አስቸጋሪው ነገር የትኛው ጽሑፍ የየትኛው ፋይል እንደሆነ ማወቅ ነበር፤ ስሞቹን ለውጬአቸዋለሁና፡፡ መፍትሔው የተገኘው ከርዝመቱ ነው፡፡ የመጨረሻው ምዕራፍ መድረሻ የፋይሉ ርዝመት ስለሆነና መጨመቅ ርዝመትን ከሰከንድ ክፍልፋይ በላይ ስለማይለውጥ፣ 41ዱን መድረሻዎች ከ63ቱ ርዝመቶች ጋር አስተያየን፡፡ ከሁለት በቀር ሁሉም ያለ ጥርጥር ተገጣጠሙ፡፡ ሁለቱ በርዝመት ከአንድ ሰከንድ ባነሰ የሚለያዩ ስለ ነበሩ በጆሮ ተለዩ፡፡

ሌላም እንቅፋት ነበረ፡፡ ከጽሑፎቹ ሦስቱ በዊንዶውስ ማስታወሻ ላይ ተከፍተው ዩኒኮድ ባልሆነ መንገድ ስለ ተቀመጡ የግእዙ ፊደል ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ተገኘ፡፡ የጥያቄ ምልክት ከሆነ በኋላ የሚመልሰው መሣሪያ የለም፤ ፊደሉ ተተክቷልና፡፡ ለየኔታ የታተመው ወረቀት ባይኖር ኖሮ እነዚህም በጠፉ ነበር፤ ከወረቀቱ እንደ ገና ተጻፉ፡፡ ግእዝ ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት በላቲን ፊደል ስፍራ ላይ በተሠሩ ፎንቶች የጻፋችሁት አሮጌ አርእስት ካላችሁ ፎንቱ ሳይጠፋ ዛሬውኑ ለውጡት፡፡ አንድ የሚያስደስት ነገር ልጨምር፤ በዚህ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ የእኩል ምልክት፣ የፈረንጁ ነጥብ ሰረዝና ሌሎች ጥቂት ምልክቶች ከፊታቸው ጋድም ሰረዝ ካልተደረገላቸው መሣሪያውን ያሳስቱታል፤ የእኛ ድርብ ሰረዝ ግን ምንም አያደርገውም፡፡

የቀሩት 22 ናቸው፡፡ በካሜራዋ ሚሞሪ ካርድ ላይ የተሰረዙትን ፋይሎች ፎቶሬክ በተባለው መሣሪያ አስፈለግን፤ ይህ መሣሪያ የተሰረዘውን ስሙን ሳይሆን ይዘቱን እያሸተተ ያወጣል፡፡ በላያቸው ሌላ ያልተጻፈባቸው ሰባት ፋይሎች ተገኙ፤ ስም የላቸውም፣ ትንሿ ሳጥን ግን ከነቀኗ አለች፡፡ ቀኑን ለማንበብ የተጠቀምንበት ፊል ሃርቪ በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤግዚፍቱል ነው፡፡ ደስታችን ግን ብዙ አልቆየም፡፡ ፋይሎቹ በታኅሣሥ 2011 እና በጥር 2012 እ.ኤ.አ. እንደ ተቀረጹ ይናገራሉ፤ በዚያን ጊዜ ካሜራዋ አልተገዛችም!

ምክንያቱን ለማግኘት አንድ ሌሊት ፈጀብን፡፡ ከሰባቱ በአንዱ የኔታ ራሳቸው ሲጀምሩ «ዛሬ ነሐሴ 13 ቀን፣ ደብረ ታቦር ነው» ሲሉ ይሰማል፡፡ ካሜራዋ ለዚያ ፋይል የሰጠችው ቀን 13 ነው፤ ወሩ 12ኛ ነው፤ ዓመቱ 2011 ነው፡፡ ካሜራዋን ያዘጋጀው ልጅ የአገሩን ቀን አስገብቶባታል! ሰዓቱንም እንዲሁ፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሦስት ብሎ ሞልቷል፡፡ ካሜራዋ ግን ከዚያ በኋላ የቆጠረችው በፈረንጅ ወር ነው፡፡ በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚፈጽመው ስሕተት ሰባት ዓመት ከስምንት ወር መጨመር ነው፡፡ ወሮቹ እኩል ስላልሆኑ ይህ አያዋጣም፤ ትክክለኛው መንገድ ልዩነቱን በቀን መቁጠር ነው፡፡ ነሐሴ 13 ቀን 2011 ዓ.ም. ኦገስት 19 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዲሴምበር 13 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. እስከዚያ 2806 ቀን ነው፤ በላዩ 6 ሰዓት ይጨመራል፡፡ የካሜራዋ ሰዓት በመካከሉ አለመነካቱን ለማረጋገጥ በሁለተኛ ፋይል ፈተንነው፤ የእንቁጣጣሽ ማኅሌት መሆኑ ከዜማው የሚታወቅ ፋይል ጃንዋሪ 6 ቀን 2012 ይላል፡፡ 2806 ቀን ሲጨመርበት ሴፕቴምበር 12 ቀን 2019 ይሆናል፤ በዚያ ዓመት ጳጉሜን ስድስት ስለ ነበረች መስከረም 1 የዋለው በ12 እንጂ በ11 አልነበረም፡፡ ገጠመ፡፡ ኤግዚፍቱል የሁሉንም ፋይሎች ቀን በአንድ ትእዛዝ ይህን ያህል ወደ ፊት ይገፋል፡፡

ስለ ሰዓት ከተነሣ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ፡፡ በደንቡ መሠረት በኤምፒ-ፎር ውስጥ የሚጻፈው ጊዜ የዓለም አቀፉ ሰዓት ሊሆን ይገባል፤ ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፡፡ ስለዚህ በነሐሴ 13 ሌሊት በስምንት ሰዓት የተቀረጸ ማኅሌት በፋይሉ ውስጥ የነሐሴ 12 ሆኖ ይገኛል፡፡ ብዙ ካሜራዎች ደግሞ ደንቡን ትተው የአካባቢውን ሰዓት ይጽፋሉ፡፡ የእኛዋ ከእነዚህ ነበረች፡፡ ኤግዚፍቱል ጊዜውን እንደ ዓለም አቀፍ ሰዓት እንዲያነብ የሚታዘዝበት ምርጫ አለው፤ የትኛው እንደሚስማማ የሚታወቀው ግን ሰዓቱ በርግጥ በሚታወቅ አንድ ፋይል ላይ በመሞከር ነው፡፡ የእኛ በዓል የሚከበረው በሌሊት ስለሆነ ይህ የሦስት ሰዓት ጉዳይ ከሌላው አገር ይልቅ እኛን ይጎዳል፡፡

አሁን የምንሠራበትን ልማድ በአጭሩ ልንገራችሁ፡፡ አንድ ፋይል ከካሜራ ሲወርድ ማንም ሳይነካው በፊት በኤግዚፍቱል ያለውን መረጃ ሁሉ ጄሶን በተባለው ቅርጽ፣ አርእስትና ምዕራፍ ካለው ደግሞ በኤፍኤፍኤምፔግ በጽሑፍ እናወጣለን፤ ጽሑፉ ከቪዲዮው ጋር በአንድ ስም ጎን ለጎን ይቀመጣል፡፡ ኤምኬቪ ለሆኑት ፋይሎች ኤግዚፍቱል አይጽፍባቸውም፤ ለእነርሱ ኤምኬቪቱልኒክስ አለ፡፡ ቪዲዮ ስንለውጥ ሜታዳታው ከመጀመሪያው ግብአት እንዲወሰድ በግልጽ እናዝዛለን፡፡ ኤፍኤፍኤምፔግ ዝም ካሉት አርእስቱን ይገለብጣል፤ የተቀረጸበትን ቀን ግን ይተወዋል፡፡ የወጣቱ ጽሑፎች አርእስትና ምዕራፍ እያላቸው የካሜራውን ቀን ያልያዙት በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ቀኑ የተረፈልን እርሱ በአርእስቱ ውስጥ ጽፎት ስለ ነበር ነው፡፡ ከጄሶኑ ስንመልስ ኤግዚፍቱል እያንዳንዱን መዝገብ ከፋይሉ ጋር የሚያገናኘው በተጻፈው የፋይል መንገድ ነው፤ ፎልደሩ ከተዛወረ መዝገቡን አያገኘውም፡፡ ስለዚህ ማውጣቱንም መመለሱንም ከፎልደሩ ውስጥ ሆነን እናደርጋለን፡፡ ኤግዚፍቱል በጻፈ ቁጥር የቀድሞውን ፋይል በጎን ያስቀራል፤ ቦታ ይይዛል ብላችሁ ይህን ጥንቃቄ አታጥፉበት፡፡ እኔ ቦታ ለማትረፍ ያደረግሁትን ሰምታችኋል፡፡

ሜታዳታው ሲለወጥ የፋይሉ አሻራ ይለወጣል፤ በሻ-256 ማስተያየት አይረዳም፡፡ ኤፍኤፍኤምፔግ ምስሉንና ድምፁን ብቻ ለይቶ አሻራ እንዲያወጣ ይታዘዛል፤ ከመጻፉ በፊትና በኋላ ያለው አንድ ከሆነ የየኔታ ድምፅ አልተነካም፡፡

የ63ቱ ፋይሎች ጽሑፍ ሁሉ ተደምሮ አንድ ሜጋባይት አይሞላም፡፡ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በክልሉ ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፣ ቪዲዮዎቹን ለማሸሽ አቅም አልነበረንም፡፡ ጽሑፉ ግን በማንኛውም አሮጌ ስልክ ኪስ ውስጥ ከወረታ በሚነሣ አውቶቡስ ይሄዳል፤ በወረቀትም ይታተማል፡፡

ካልታወቁት 15 ፋይሎች 11ዱን ያ ወጣት በዜማው ለየልን፤ ዛሬ ራሱ መምህር ሆኗል፤ የትኛው ዜማ በየትኛው በዓል እንደሚቆም ያውቃል፡፡ አራቱ የዘወትር ትምህርት ስለሆኑ ከዜማው ቀናቸው አይታወቅም፡፡ ቀኑን ገምተን እንድንሞላ ከጓደኞቼ አንዱ አሳስቦ ነበር፤ ወጣቱ መምህር እምቢ አለ፡፡ በአራቱም አርእስት ላይ የየኔታ ስምና «ቀኑ ያልታወቀ» የሚል ተጽፎ ተቀምጧል፤ ከጎናቸው ደግሞ ለምን እንዳልታወቀ፣ በማን ጥፋት እንደሆነም ጽፌአለሁ፡፡

ከሰዓት በኋላ በዚሁ አዳራሽ ትእዛዞቹን በኮምፒዩተር ላይ አሳያለሁ፡፡ ፋይል ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ዋናውን ቤት አስቀምጣችሁ ግልባጩን ብቻ ብታመጡልኝ ደስ ይለኛል፡፡